እስቲ ይሄን ስሙት

(በምሩቃን የመገናኛ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ «ከሥራሽ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር አቅርቢልን» ነበር ያሉኝ። እኔም እሺ ብዬ ከወሊድ በኋላ ስለሚያጋጥም የደም መፍሰስ ስላይድ ስሠራ ሁለት ሳምንት ከረምኩ። ከዚያ መሀል አንድ ነገር ሆነና ስላይዱን ዘጋሁት። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዘፈን ነው። መምህሮቻችን እንዳትቀየሙኝ፤ ስላይዱ አለ፣ የሚፈልግ ካለ እልካለሁ።

የሆነው ነገር ይሄ ነው። የኛ ባች የቴሌግራም ግሩፕ አለው። ብዙዎቻችሁ አባል ናችሁና ምን እንደሚጻፍበት ታውቃላችሁ፦ «ነፍስ ይማር»፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ»፣ «ይሄ መድኃኒት አዲስ አበባ የት ይገኛል?»፣ አልፎ አልፎ ደግሞ የሥራ ማስታወቂያ። አንድ ሌሊት ከተረኛነት ወጥቼ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በዚህ ዓመት ከሰማችሁት አዲስ ሙዚቃ አንድ ንገሩኝ።» ሦስት ቀን ሙሉ ጸጥ አለ። በአራተኛው ቀን አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ወንድማችን (ስሙን አልጠራም፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ እየሳቀ ነው) አንድ የጥላሁን ገሠሠ ዘፈን ላከ። ጥላሁን ያረፈው በ2001 ዓ.ም. ነው፤ ዘፈኑ ደግሞ ከብዙዎቻችን በዕድሜ ይበልጣል። ሌላው «ዘፈን ድሮ ቀረ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ አውራ ጣት በአውራ ጣት ላይ ተደረደረ፤ ቆጠርኩት፣ አሥራ ዘጠኝ።

እኔ ጥላሁንን ጠልቼ አይደለም። ጥላሁንን የሚጠላ ሰው ካለ እኔ ዘንድ ይምጣ፣ እመረምረዋለሁ። የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። እኛ በተመረቅንበት በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ለወባ ፋንሲዳር ቀርቶ ኮአርተም ገባ። ከኛ መካከል ዛሬ ለወባ በሽተኛ ፋንሲዳር የሚያዝ አለ? የለም። በየጊዜው አዲስ መመሪያ ሲወጣ ተሻምተን ነው የምናነበው። ጆሯችን ግን እዚያው 1996 ላይ ቆሟል። ትዝታ የሚባል ቅኝት ያለን ሰዎች ስለሆንን ይሆናል ብዬ ላልፈው ነበር፤ በኋላ ግን ሳስበው ነገሩ የሙዚቃ ብቻ አልሆነልኝም። «ይሄን ስሚው» የሚለኝ ሰው ከጠፋ ስንት ዓመቱ ነው? እኔስ ለማን ብያለሁ?

ያደግሁት ዱመርሶ ነው። ጌዴኦ፣ ከይርጋጨፌ አለፍ ብሎ። ቡና ጠጪዎች ስሙን ታውቁታላችሁ፤ ውጭ አገር ያላችሁትማ በቡና ከረጢት ላይ አንብባችሁ «የዶክተር አገር!» ብላችሁ ፎቶ ትልኩልኛላችሁ። ቤታችን በጌዴኡፋ ነበር የምናወራው። አማርኛ የትምህርት ቤት ቋንቋ ነው፣ የካሴትም ቋንቋ ነው። አጎታችን (ጋሼ ነው የምንለው) የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ቡና ጭኖ ሄዶ ሲመለስ ከዲላም ይሁን ከአዲስ አበባ አንድ ካሴት ይዞ ይመጣል። ካሴቱን ሲሰጠን ዝም ብሎ አይሰጥም። አባቴን «ይሄ ለአንተ ነው፣ ከሥራ ስትገባ» ይለዋል። እናቴን «ይሄን አንቺ ትወጂዋለሽ፣ ሦስተኛውን ዘፈን ጠብቂ» ይላታል። እናቴ ያን ጊዜ አማርኛ እምብዛም አትሰማም። ግን ሦስተኛውን ዘፈን ትጠብቃለች። አስቴር አወቀን እናቴ የወደደቻት ቃሏን ሳትሰማ ነው፤ «ይቺ ልጅ ስታለቅስ ደስ ይላል» ትል ነበር በጌዴኡፋ። ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ ክሩ ሲወጣ በእስክሪብቶ እንጠቀልለዋለን። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይሄን ያላደረገ ከኛ ዕድሜ ሰው የለም፣ ስለዚህ አላረዝመውም።

ጅማ ስገባ ዘመኑ 1990 ነው። ገና «ኢንስቲትዩት» ነበርን፤ ዩኒቨርሲቲ የሆንነው በ1992 ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሴቶች፣ ከስድስት የተለያየ አገር፣ አንድ ቴፕ። በየወሩ አዋጥተን አንድ ካሴት እንገዛ ነበር። ከቆጪ ተነስተን በእግራችን እስከ ፈረንጅ አራዳ ሄደን፣ ሙዚቃ ቤቶቹ በር ላይ ቆመን፣ ሦስት አራት ዘፈን በነጻ ሰምተን ነው የምንመርጠው። ተራ የደረሳት ትመርጣለች፤ ሌሎቻችን የመሳደብ መብት አለን። የጂጂ አልበም በ1993 ሲመጣ፣ ያ ከነ ኸርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር ጋር የሠራችው፣ ክፍላችን ለሁለት ተከፈለ። ግማሾቻችን «እጅጋየሁን አበላሹብን» አልን፣ ግማሾቻችን አፋችንን ከፍተን ቀረን። እኔ ከተበላሸብን ወገን ነበርኩ። ይሄንን የምናዘዘው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቼ ነው፤ አሁን በመንገድ ላይ የማልለየው አልበም እሱ ነው። በዚያው ዓመት የቴዲ አፍሮ «አቡጊዳ» ወጣ፣ በሱ ግን ጠብ አልነበረም፤ የሁላችንም ነበር።

ከስድስታችን አንዷ የባሕር ዳር ልጅ ናት። ዝምተኛ፣ ማስታወሻዋ ንጹሕ፣ ፈተና ሲደርስ ሁላችንም ከሷ የምንገለብጥ። ተራዋ ደርሶ አንድ ወር ላይ «እኔ አልገዛም፣ ያለኝን አሰማችኋለሁ» አለች። ከሻንጣዋ ያወጣችው ጠርዙ የተሰነጠቀ አሮጌ ካሴት ነበር። ለኔ ነው የሰጠችኝ። «ይሄን ስሚው፤ ማታ፣ ብቻሽን ሆነሽ» አለችኝ።

እኔ ምን አደረግሁ? ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልብስ ታጥቦ ክፍሉ ውስጥ በተሰቀለበት፣ ሁሉም ባለበት ከፈትኩት። አኮርዲዮን ነው። ከበሮው ሰው የመታው አይመስልም፣ የማሽን ነው። ዘፋኝ የለም። ትንሽ ጠበቅን፣ ዘፋኝ አልመጣም። አንዷ «የሆቴል ሙዚቃ ነው» አለች። እኔ ደግሞ ለመሳቅ ብዬ «ቀረጻው ቀን ዘፋኙ ታሞ ቀርቶ ነው?» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ልጅቷም ፈገግ አለች። ከዚያ ተነስታ ካሴቱን አወጣች፣ በእስክሪብቶ ጠቀለለችው፣ ማቀፊያው ውስጥ ከተተችው። ከዚያ በኋላ እስክንመረቅ ድረስ ምንም ነገር «ስሚው» ብላኝ አታውቅም። ያኔ አላስተዋልኩም። ተመረቅን፣ ዕጣ ወጣ፣ እሷ ወደ ሰሜን እኔ ወደ ደቡብ። ከዚያ እሷ ውጭ ሄደች።

አሁን ወደ ዱመርሶ መልሱኝ። ጊዜው ካሴቱን ከሳቅንበት አሥራ ምናምን ዓመት በኋላ ነው፣ የቡና ወራት። ዲላ ነው የምሠራው፣ ቅዳሜና እሑድ እናቴን ለማየት እወጣለሁ። ከቤታችን በታች ካለው የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ጎረቤታችንን ፈልጌ ስሄድ፣ ቡና ሊቀምስ የመጣ አንድ ፈረንጅ ማድረቂያ አልጋው አጠገብ ቆሟል። ከቦርሳው ላይ ትንሽ ድምፅ ማጉያ አንጠልጥሎ ሙዚቃ ከፍቷል። አኮርዲዮን። የማሽን ከበሮ። ዘፋኝ የለም። ቆሜ ቀረሁ። ቡና የሚለቅሙት ሴቶች እያዩኝ ነው። ሰውየው አየኝና በጣም ደስ ብሎት «ይሄን ሰምተሽው ታውቂያለሽ? የናንተ አገር ሰው ነው እኮ!» አለኝ።

ምን ልበለው? «አዎ፣ ስቄበታለሁ» ልበለው?

ሙዚቃው የኃይሉ መርጊያ ነው። የዋልያስ ባንዱ። ታሪኩን የምታውቁ ታግሡኝ። ዋልያስ አዲስ አበባ ሒልተን ይጫወት የነበረ ባንድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሄዶ ተጫወተ፣ ከአባላቱ ግማሾቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ በአኮርዲዮን፣ በኪቦርድና በከበሮ ማሽን አንድ ካሴት ቀረጸ። ከዚያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ የአፍሪካ ካሴት ሰብሳቢ ያን ካሴት ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው፤ ባለቤቱን ፈልጎ፣ ደውሎ፣ ተስማምቶ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉ መርጊያ በስተርጅና እንደገና በዓለም መድረኮች መዞር ጀመረ።

ባሕር ዳር፣ ልብ በሉ። የኛ ክፍል ልጅ ከሻንጣዋ ያወጣችው ያንኑ ካሴት ነው። እኛ ፎቅ ላይ፣ በሁለት የታጠበ ልብስ መሀል ነበር።

«ፈረንጅ አገኘው» የሚለውን አባባል አልወደውም። ለኛ ጠፍቶብን ነበር እንዴ? አልጠፋም፤ ሰው ሲሰጠን አልተቀበልንም እንጂ። ስለነዚህ ሙዚቃዎች ባነበብኩ ቁጥር ደግሞ ከጀርባው አንድ የሚሰጥ ሰው አለ። ፍራንሲስ ፋልሴቶን ታውቁታላችሁ፣ «ኢትዮፒክስ» የሚለውን ሠላሳ ገደማ አልበም ያዘጋጀው ፈረንሳዊ። አጀማመሩ እንዲህ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1984 አንድ ጓደኛው ከአዲስ አበባ የማህሙድ አህመድን ሸክላ ይዞለት መጣ። ሰማው፣ አበደ። በካሴት እየገለበጠ ለሚያውቃቸው ሰዎች ላከ፣ «ይሄ ምንድን ነው?» እያለ። በዓመቱ ተነስቶ አዲስ አበባ መጣ። የማህሙድ «እሬ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1986 ቤልጅየም ታተመ፣ ከዚያ ሌላው ሁሉ ተከተለ። አንድ ጓደኛ ሻንጣው ውስጥ አንድ ሸክላ ባይከት ኖሮ እንጃ!

«ብሮከን ፍላወርስ» የሚለውን የጂም ጃርሙሽ ፊልም ያያችሁ ካላችሁም አስታውሱ፤ እ.ኤ.አ. የ2005 ነው። የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ለብዙ የውጭ ሰው ያስተዋወቀው እሱ ፊልም ነው። እዚያ ፊልም ውስጥ ሙዚቃው እንዴት ይገባል? ጎረቤቱ ዊንስተን የሚባል ኢትዮጵያዊ ነው። ዋናው ሰውዬ መንገድ ሊሄድ ሲል ዊንስተን ሲዲ ቀድቶ ይሰጠዋል፣ መኪና ውስጥ እንዲሰማው። በቃ። ለጎረቤቱ አስቦ፣ ለመንገዱ ብሎ። ሙላቱ ደግሞ የዚሁ የጅማ ልጅ ነው፤ እዚህ ነው የተወለደው። ስድስት ዓመት ጅማ ተቀምጬ ይሄን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ወይም ነግረውኝ አልሰማሁም፣ አሁን ራሴን አላምንም።

ታዲያ ያን ቀን ከማጠቢያ ጣቢያው ስመለስ ለጓደኛዬ ጻፍኩላት ትሉኛላችሁ። አልጻፍኩም። አምስት ዓመት። አፈርኩ። ደግሞም ሰው በአንድ ካሴት አሥራ ምናምን ዓመት ያኮርፋል እንዴ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

የጻፍኩት በ2010 ነው። ያን ዓመት ጌዴኦ ውስጥ የነበራችሁ፣ ወይም ከሌላ ቦታ ለእርዳታ የመጣችሁ፣ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ። ከምዕራብ ጉጂ የተፈናቀለ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በየዘመዱ ጓሮ ሰፍሮ ነበር። ዝናብ። ተቅማጥ። በመማሪያ ክፍል ወለል ላይ፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሒሳብ ትምህርት ተጽፎ እንደቀረ፣ ልጅ አዋልደናል። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ፣ ሌላ መድረክ ላይ እናገራለሁ። ለዛሬው የሚያስፈልገኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለወራት ሙዚቃ የሚባል አልሰማሁም። መኪና ውስጥ ሬዲዮ ሲከፈት ዝጉት እል ነበር።

አንድ እሑድ ዱመርሶ ወጣሁ። መንገድ ዳር ስልክ ቻርጅ የሚያደርግና ሜሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን የሚጭን ልጅ አለ። ከተማ ያላችሁት ይሄ ሥራ ላይገባችሁ ይችላል። ኢንተርኔት ለሁሉም አይደርስም፣ ለሚደርሰውም ውድ ነው፤ ስለዚህ ሰው ካርዱን ይሰጠዋል፣ እሱ ኮምፒውተሩ ላይ ካለው መርጦ ይጭንለታል። የሕግ ሰዎች ስለ ቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 እንደምታነሱብኝ አውቃለሁ፤ አዋጁ የተመረቅንበት ዓመት እኩያ ነውና አልረሳሁትም። እውነታችሁን ነው። ግን ልጁ የሚሠራውን ብታዩት! «ምን ልጫን?» አይልም። «ለማን ነው? ቀን ነው ማታ የሚሰማው? ሹፌር ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እንደ ደህና ሐኪም ታሪክ ይወስዳል።

ስልኬን ቻርጅ ላድርግ ብዬ ቆሜ ሳለ አንዲት ሴት ቁልፍ ስልኳን ይዛ መጣች። ከተፈናቀሉት ናት፣ ነጠላዋ የተሰጣት እንደሆነ ያስታውቃል። በጌዴኡፋ አንድ ዘፈን ጠየቀችው፤ የጠየቀችው ዘፈን ግን የጉጂ ነው፣ በኦሮምኛ። ከኋላዬ የቆመ አንድ ሰው «አሁንም የነሱን?» አላት። ቁጣ አልነበረበትም፤ የደከመ ድምፅ ነው። ሴትየዋ ዞር ብላ «የሰርጌ ዘፈን ነው» አለችው። «የነማን እንደሆነ እኔ ምን አውቃለሁ። እግሬ የጨፈረው በሱ ነው። ሚዜዬም የነሱ ልጅ ናት።» ሰውየው ዝም አለ። ልጁ ፋይሉን ፈልጎ ጫነላት፣ ሒሳብ አልተቀበለም። እሷ እዚያው ቆማ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትንሽ ሰማችና ዘግታ ሄደች።

ከዚያ ወደኔ ዞረ። «ዶክተር፣ ለእርስዎስ?»

«እኔ ምንም አልሰማም» አልኩት።

አየኝ። «ሜሞሪ ካርዱን ይስጡኝ» አለ። ሰጠሁት። የጫነልኝ ያን ሰሞን የወጣውን የሮፍናንን «ነጸብራቅ» ነው። እኔ ሮፍናን የሚባል ሰው መኖሩንም አላውቅም ነበር። «ይሄ የዲጄ ነገር ይመስላል፣ መጀመሪያ ላይ ይጮህብዎታል። በጆሮ ማዳመጫ ይስሙት። ማታ፣ ብቻዎን ሆነው» አለኝ።

ሰማችሁ? ማታ፣ ብቻዎን ሆነው።

ሰማሁት። እናቴ ከተኛች በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ እየወረደ። ኤሌክትሮኒክ ምት ነው፣ ልጁ እንዳለው መጀመሪያ ይጮሃል። ከዚያ የባህሉ ድምፅ ከሥሩ እየወጣ ይመጣል። አልበሙን ሁሉ ወደድኩት አልላችሁም፤ አንዳንዱ አሁንም ለጆሮዬ ይበዛብኛል። ግን ለወራት ተዘግቶ የነበረ ነገር ተከፈተ። አለቀስኩ ብል የሐኪም ወግ አይደለም፤ በቃ ዝናብ ነበር እንበል። ሲያልቅ ስልኬን አነሳሁና ለባሕር ዳሯ ልጅ ጻፍኩላት። አድራሻዋን ከባች ግሩፑ ነው ያገኘሁት፣ ለካ እዚያው ነበረች፣ አንድም ቀን ጽፋ አታውቅም። «አኮርዲዮኑን ሰማሁት። ስቄብሽ ነበር፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

ከሁለት ቀን በኋላ መለሰች። ስለ ይቅርታው ምንም አላለችም። «ማታ ነው የሰማሽው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ካሴቱ የታላቅ ወንድሟ ነበር። ልብስ ሰፊ ነበር፣ ባሕር ዳር፣ ሥራ ሲያመሽ እሱን ካሴት ከፍቶ ነው የሚሰፋው። እሷ ትንሽ ልጅ ሆና ከሱ ጨርቅ ሥር ተኝታ ትሰማለች። በ1982 ለውትድርና ተወሰደ፣ አልተመለሰም። ቤታቸው ከሱ የቀረው መቀስና ያ ካሴት ነው። «ያኔ ለምን አልነገርሽንም? አንስቅም ነበር እኮ» አልኳት። «ለዚያ ነው ያልነገርኳችሁ» አለችኝ። «እንድታዝኑልኝ አይደለም የሰጠሁሽ፤ ሙዚቃው ደስ ስለሚል ነው። ትወጂዋለሽ ብዬ ነው።»

ይሄን ሳነብ ዎርድ ውስጥ ነበርኩ። ወጥቼ ኮሪደር ላይ ቆምኩ።

በዚያው ዓመት ኃይሉ መርጊያ «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አውጥቶ ነበርና መጀመሪያ የነገረችኝ እሱን ነው። ከዚያ ወዲህ በየወሩ አንድ እሷ፣ አንድ እኔ። ሳሙኤል ይርጋን፣ «ጉዞ» የሚለውን፣ ከሷ ነው ያወቅሁት። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን እኔ ላክሁላት፣ ኢትዮፒክስ ቁጥር 21ን። እማሆይ በ2015 መጋቢት ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ እኔ ተረኛ ነበርኩ፣ መርዶውን የነገረችኝ እሷ ናት፤ ለዘመድ እንደሚረዳ። ግርማ በየነ ከስንት ዘመን ዝምታ በኋላ ከፈረንሳዮቹ ከአካሌ ውቤ ጋር የሠራውን ደግሞ ማን ለማን እንደነገረ አሁንም እንከራከራለን። ጌዴኦ ውስጥ በጥር ደራሮ ሲከበር የሚዘፈነውን በስልኬ ቀርጬ ልኬላታለሁ፤ ከበረዶ መሀል ሆና ሦስት ጊዜ መልሳ እንደሰማችው ጻፈችልኝ፣ ቃሉን ሳታውቅ። እንደ እናቴ።

አልወደድነውም የምንለውም አለ። ይሄ እንዲታወቅ እፈልጋለሁ። በራውንድ መጨረሻ ኢንተርኖቼን «ምን እየሰማችሁ ነው?» ብዬ መጠየቅ ጀምሬያለሁ። መጀመሪያ ፈሩ፤ የፈተና ጥያቄ መስሏቸው ነው። አንዱ የላከልኝን ሁለት ጊዜ ሰምቼ «አልሆነልኝም» አልኩት። «የቱ ጋ?» አለኝ። ለምን እንዳልሆነልኝ ለማስረዳት ስሞክር ሃያ ደቂቃ ቆመን ተከራከርን። ያ ልጅ ከዚያ በፊት ለሦስት ወር «እሺ ዶክተር» ከማለት በቀር አፉን ከፍቶ አያውቅም። ከሳምንት በኋላ እንቅልፍ እንደማይወስደው፣ ሥራውን ሊተው እንደሚያስብ የነገረኝም እሱ ነው። መምህራን ሆናችሁ እዚህ ያላችሁ፣ የተማሪዎቻችሁን ውጤት ታውቃላችሁ፤ ማታ ምን እንደሚሰሙ ግን ጠይቃችኋል? እኔ አሥራ አምስት ዓመት አስተምሬ አልጠየቅሁም ነበር።

ከስህተቴ የተማርኩት ትንሽ ነገር አለ። ሃያ ዘፈን በአንዴ መላክ መስጠት አይደለም፤ ግሩፕ ላይ መበተንም እንዲሁ። አንድ ሰው ታስባላችሁ፣ አንድ ነገር ትሰጣላችሁ፣ መቼ እንደሚሰማ ትነግሩታላችሁ፣ ከዚያ ትተዋላችሁ። በሁለተኛው ቀን «ሰማኸው?» ብሎ መነዝነዝ የለም። የተቀበለ ሰው ደግሞ ሌላ ሰው በሌለበት ይስማው። እኔ ያን ቅዳሜ ሰው ሰብስቤ ባልሰማው ኖሮ ምናልባት አልስቅም ነበር። ለብቻው የሚስቅ ሰው ጥቂት ነው።

እናንተን ብዙ አስቀመጥኳችሁ፣ እራቱም ቀዘቀዘ። አንድ ነገር ብቻ ልበልና ልውረድ። በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ የተቆራረጠ ወረቀት አለ። ፋይል አይደለም፣ አዋጅ 410ን አክብሬያለሁ፤ የአልበም ስም ብቻ ነው፣ በእጄ የጻፍኩት፣ የሐኪም ጽሑፍ ነውና የማይነበብ ካለ ጠይቁኝ። እያንዳንዱ የተለያየ ነው። የመጀመሪያ ስማችሁን ጽፌበታለሁ፣ የማውቃችሁን። ለማላውቃችሁ «ለማታ ተረኛ»፣ «ለረጅም መንገድ»፣ «ከልጁ ጋር ለተኳረፈ» ብዬ ነው የጻፍኩት፤ የሚመስላችሁን አንሱ። የቀዶ ሕክምናው ወንድማችን፣ ያንተን ከሥር ነው ያደረግሁት፣ ፈልገው። የወረቀቱ ጀርባ ባዶ ነው። እዚያ ላይ የናንተን አንድ ጽፋችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ካርቶኑ ውስጥ ጣሉልኝ። ዱመርሶ ይዤ እሄዳለሁ፤ ልጁ «ከጅማ ምን ይዘው ይመጣሉ?» ብሎኛል፣ እየጠበቀኝ ነው።